«ዓይኔ ደህና ነው፣ ለምን እከፍላለሁ?» የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ስኳር ሕመምና ዓይን

ስለ ስኳር ሕመም በጻፍን ቁጥር ደብዳቤ ይበዛልናል። በዚህ ዙር ከደረሱን ውስጥ አብዛኞቹ ስለ ዓይን ምርመራ ናቸው። ከዚያም ውስጥ ስለ ገንዘቡ። ማን ይክፈል? ስንት? ደግሞስ ምንም ላላመመው ዓይን ለምን? አምስቱን መርጠናል።

«መርፌ ክር የማስገባ ሴት»

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ስኳር ካለባት 11 ዓመት ሆኗታል። ክኒኗን አታቋርጥም፣ ቀጠሮም አታሳልፍም። ባለፈው ነርሷ «የዓይን ጀርባ ምርመራ ማድረግ አለብዎት» ስትላት ቤት መጥታ «መርፌ ክር የማስገባ ሴት ዓይኔን ምን ሊያዩብኝ ነው?» አለች። የግል ክሊኒኩን ዋጋ ስትሰማ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም አለች። አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ልውሰድሽ ብላት የመኪናውንም ጨምራ ታሰላና «ይኼ የወር ጤፍ ነው» ትላለች። በየቀኑ መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል። ምን ልበላት?

እህቴ፣ መጀመሪያ ጭቅጭቁን አቁሚው። እናትሽ እምቢ ያሉት ገንዘብ ስለሳሱ አይደለም። ዓይናቸው ደህና እንደሆነ እርግጠኛ ስለሆኑ ነው። ለደህና አካል ገንዘብ ማውጣት ማንንም ይከብዳል፣ ያውም ከጤፍ ላይ ተቀንሶ። ስለዚህ ብሩን ለጊዜው ተዪውና ስለ በሽታው አውሪያቸው።

ከዓይናችን በስተጀርባ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። የምናየውን ነገር የሚቀበለው እሱ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያዳክማል። አንዳንዶቹ እንዳረጀ የውኃ ቱቦ ማንጠብጠብ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ይዘጋሉ። ደም ያጠረው ሬቲና አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ደግሞ ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለም። መቅላት የለም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትም ይቻላል፤ ምክንያቱም ጥርት አድርጎ የማየቱን ሥራ የሚሠራው ማኩላ የተባለው መሃለኛው ትንሽ ቦታ እስካልተነካ ድረስ ሰው ለውጡ አይታወቀውም። ዓይኔ ደበዘዘ ብሎ ወደ ሐኪም የሚመጣ የስኳር ታካሚ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

11 ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ግዛት የተደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ20 ዓመት በኋላ በወጣትነታቸው ስኳር የያዛቸው ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል፣ በጉልምስና ከያዛቸው ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ ሬቲናቸው ተነክቷል። በዚያ ላይ የአዋቂዎቹ ስኳር ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። እናትሽ 11 ዓመት የሚሉት ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለተኛው ዓይነት (ብዙ ጊዜ በጉልምስና የሚይዘው) ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ ወዲያው ዓይኑን እንዲታይ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ በየቀጠሮው ጣትሽን ተወግተሽ ስኳርሽን የምትለኪው አሞሽ ነው?» ሳያማቸው ነው የሚለኩት። ለምን እንደሚለኩም በደንብ ያውቃሉ፤ ያንን ማንም ሊያስረዳቸው አይገባም። የዓይኑም ምርመራ ከዚሁ አይለይም፤ ልዩነቱ በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ብቻ ነው። ይህን ግን ነርሷ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፋዋለች። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተነግሮት የወር ቀለብ የሚያወጣ ሰው የለም።

ወደ ብሩ እንመለስ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ በራሳችሁ ወደ ግል ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ከክትትል ቦታቸው ሪፈር አጽፉ። መድኅኑ የሚሠራው በሪፈሩ መንገድ ስትሄዱ ነው። አዲስ አበባንም ከማሰብሽ በፊት እዚያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የዓይን ክፍሉን «የስኳር ታካሚ ሬቲና ታያላችሁ ወይ? በየትኛው ቀን?» ብለሽ ጠይቂ። ቀኑን ከስኳር ቀጠሯቸው ጋር ካገጣጠምሽው የመኪናውም የቀኑም ወጪ አንድ ይሆናል። መነጽር ከታዘዘ ግን እሱን ከኪስ ለመክፈል ተዘጋጁ።

«ሁሉም ‹እንደ አቅሜ› ይለኛል»

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የስኳር ታካሚዎች ለዓይን ምርመራ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆኑ ነው። መጠይቁን ስሞክረው ተቸገርኩ። ግማሹ «እንደ አቅሜ» ይላል። ጥቂቱ «መንግሥት ነው መክፈል ያለበት» ይላል። ሌላው የመጀመሪያውን ቁጥር ስጠራለት ወዲያው እሺ ይላል፤ የእውነቱን ይሁን ለእኔ ብሎ አይገባኝም። አማካሪዬ ቁጥር ይዘህ ና ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወንድሜ፣ ችግሩን ገና ከሙከራው ማየትህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው።

ከይሉኝታው እንጀምር። ጋውን ለብሰህ፣ እሳቸው ቀጠሮ ይዘው ተራ በሚጠብቁበት ወንበር ላይ ሆነህ «ለዚህ 300 ብር ይከፍላሉ?» ስትላቸው እሺ የሚሉህ አንተን ላለማሳፈር ሊሆን ይችላል። ነገ ሐኪሙ እንዳይከፋባቸውም ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «ብዙ ካልኩ ዋጋ ይጨምሩብናል» ብሎ ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ አለ። ሁለቱም ሞኞች አይደሉም። የጠየቅካቸው በምናብ ነው፤ እነሱ የመለሱልህ ግን ኑሯቸውን አስበው ነው። ከተቻለ ጠያቂው የክሊኒኩ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ይሁን። መልሳቸው የምርመራውን ዋጋም የራሳቸውን ሕክምናም እንደማይነካ አስቀድመህ ንገራቸው።

የመነሻው ቁጥር ሌላው ጣጣ ነው። ከ100 ብር ጀምረህ ከፍ ብትልና ከ800 ጀምረህ ዝቅ ብትል የምታገኘው መልስ የተለያየ ነው፤ ሰው በሰማው የመጀመሪያ ቁጥር ይያዛል። ስለዚህ መነሻውን በዕጣ ለያየው፤ ለአንዱ ዝቅተኛ፣ ለአንዱ መካከለኛ፣ ለአንዱ ከፍተኛ። ከዚያ ልዩነቱን በጽሑፍህ በግልጽ አሳይ።

አሁን ወደ ዋናው። ዜሮ የሚሉህን አትጣላቸው። በጥናትህ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ዜሮ ያለ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። አንዱ የለውም። አንዱ አለው፣ ግን የዓይን ምርመራ ምን እንደሚጠቅም ማንም አልነገረውም። አንዱ ጥቅሙንም ያውቃል፣ ገንዘቡም አለው፣ ይህ የመንግሥት ግዴታ ነው ብሎ በመርህ ነው ዜሮ ያለው። ሦስቱን በአንድ ሳጥን ከትተህ አማካይ ብታወጣ ቁጥርህ ስለ አንዳቸውም እውነት አይናገርም። ስለዚህ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የግድ መኖር አለበት፣ መልሱም በራሳቸው ቃል ይጻፍ።

ደግሞ የምርመራው ዋጋ ብቻውን ሰው አያስቀርም። ከገጠር የሚመጣ ታካሚ መኪና አለው፣ ምሳ አለው፣ ከረፈደበት ማደሪያ አለው። ዓይኑ ላይ ጠብታ ተደርጎበት ብቻውን ስለማይመለስ አብሮት የሚመጣ ልጅ ወይም ጎረቤት አለ፤ የእሱም ቀን ከሥራ ይቀራል። ካርድ አለ። እነዚህን ደምረህ ሳታስቀምጥ «ለምርመራው ስንት ይከፍላሉ?» ካልክ የጠየቅከው ከወጪው ሁሉ ትንሹን ሊሆን ይችላል። ወቅቱንም አስብ። በጥር እህል ከገባ በኋላ የሚጠየቅ ገበሬና በነሐሴ የሚጠየቀው ያው ሰው ቢሆንም መልሱ አንድ አይደለም። የጤና መድኅን መዋጮ ከአዝመራ በኋላ የሚሰበሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴቶችን ስትጠይቅ ደግሞ በቤቱ ገንዘቡን የሚያዘው ማን እንደሆነ ጠይቅ። እሷ «አዎ» ብትልህም በጉን ለመሸጥ የሚወስነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ጨምር፣ በጣም እለምንሃለሁ። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ጠይቅ። አንድ ጊዜ እንዲሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሽታው ሳያም ዓይን እንደሚያጠፋና በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ እንደሚታገድ በአምስት ደቂቃ በደንብ ካስረዳህ በኋላ፣ ከተቻለም የታመመ ሬቲና ፎቶ አሳይተህ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የጽሑፍህ ትልቁ ግኝት ሊሆን ይችላል።

አሁን የእኔን አቋም ልንገርህ፣ አማካሪህ ባይስማማም። ከዚህ ዓይነት ጥናት ላይ አማካዩን አንስቶ «ታካሚዎች ይህን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ ናቸው፣ ስለዚህ እናስከፍል» ማለት አደገኛ ነው። በሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ይህን በተግባር ሞክረውታል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የስኳር ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ አንዱ ቡድን በነፃ፣ ሌላው 60 የሆንግ ኮንግ ዶላር ከፍሎ እንዲመረመር። 60 የሆንግ ኮንግ ዶላር ለዚያ ከተማ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሆኖም በክፍያው ቡድን የመጣው ሰው አነሰ፣ የተገኘው የሬቲና ሕመምም አነሰ። ሕመሙ ከሰዎቹ ዓይን ጠፍቶ አይደለም፤ ያለባቸው ሰዎች ስላልመጡ ነው። ጁልያን ቱዶር ሃርት የተባለ የዌልስ ሐኪም ገና እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንን ጽፎታል፤ ሕክምና በጣም የሚያስፈልገው ሰው ሕክምናውን ለማግኘት ዕድሉ የጠበበ ነው ብሎ። እንግሊዝ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉትን የስኳር ታካሚዎች ሁሉ በነፃ የሬቲና ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2010 አካባቢ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች የመጀመሪያው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ስኳር የሚያመጣው የሬቲና ሕመም መሆኑ ቀረ። ያ ደረጃ የተለወጠው በአምስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እኛ የእንግሊዝ በጀት የለንም ትለኝ ይሆናል። የለንም። ግን ካሜራውን የስኳር ክትትሉ ባለበት ክፍል አጠገብ ማስቀመጥ፣ ነርስ ወይም የዓይን ቴክኒሻን ፎቶ እንዲያነሳ ማሠልጠን፣ ፎቶውን ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም መላክ ይቻላል። እያንዳንዱን ታካሚ የሬቲና ሐኪም ፊት ማስቀመጥ አያስፈልግም። ቁጥርህን ስታወጣ ለዚህ ተጠቀምበት። ሰው ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ሳይሆን፣ ከየትኛው ሸክም ላይ ስንት ብናነሳለት እንደሚመጣ አሳይ።

«ጠብታው ከተደረገልኝ መንዳት እችላለሁ?»

ሚኒባስ ሹፌር ነኝ፣ አዲስ አበባ። ምርመራውን በነፃ የሚያደርጉልኝ ቦታ አግኝቼ ነበር፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ እፈታለሁ ብዬ ተውኩት። መነጽር ቤት ዓይኔን ለክተውኛል፣ እሱ አይበቃም?

አይበቃም። መነጽር ቤት የሚለካው የምታይበትን ቁጥር ነው፤ ሬቲናህን አያይም። ቁጥሩ ራሱ ስኳርህ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ሊቀያየር ስለሚችል፣ መነጽር ከማሠራትህ በፊት ስኳርህ የተረጋጋ ይሁን።

ጠብታው የዓይንህን ብሌን ያሰፋዋል። ለአራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሰዓት የቅርብ ነገር ይደበዝዝብሃል፣ ብርሃንም ይወጋሃል። በዚያ ሁኔታ መንገደኛ ጭነህ እንዳትነዳ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ተራ ያዝ፣ ጠዋት ሠርተህ ሂድ፣ የፀሐይ መነጽር ያዝ፣ መኪናውን ረዳትህ ወይም ሌላ ሹፌር ይዞት ይግባ። አንዳንድ ካሜራዎች ያለ ጠብታም ፎቶ ያነሳሉ፤ ስትደውል እሱንም ጠይቅ። ደብዳቤህ ግን ለጎንደሩ ተማሪ የጻፍነውን በደንብ ያስረዳል፦ ምርመራው ነፃ ሆኖም አንተን ያስከፈለህ የቀን ገቢህን ነው።

«የላክሁለትን ማዳበሪያ ገዛበት»

ዱባይ ነው የምሠራው። አባቴ ስኳርና ደም ግፊት አለበት። ለዓይን ምርመራ ብዬ የላክሁትን ብር ማዳበሪያ ገዝቶበታል። በጣም ተናድጃለሁ።

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባናል። አባትሽንም ግን እንረዳቸዋለን። ማዳበሪያው ጊዜ አይሰጥም፤ ዓይኑ ደግሞ የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ብሩን ለእሳቸው ሳይሆን ከተማ ላለ ዘመድ ላኪ፣ እሱ ይዟቸው ሄዶ እዚያው ይክፈል። ክሊኒኩ ቀድሞ በባንክ የሚቀበል ከሆነም ጠይቂ። ቀጠሮውን ከእርሻ ሥራው ውጪ አድርጊው። የደም ግፊታቸውን ክኒን ደግሞ አትርሺ፤ ግፊትን መቆጣጠር ሬቲናንም ያድናል። በብሪታንያ የተደረገው ትልቁ የስኳር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳየው፣ ግፊታቸው በደንብ የተያዘላቸው ሰዎች ላይ የሬቲናው ሕመም የመባባስ ዕድል በ34 በመቶ ቀንሷል።

«ባላውቀው ይሻለኝ ነበር»

ሐዋሳ መምህር ነኝ። እንዳላችሁት ከፍዬ ተመረመርኩ። «ሬቲናህ ተጎድቷል፣ ሕክምና ያስፈልግሃል» ተባልኩ። የሕክምናው ዋጋ ግን ከደመወዜ ጋር አይተዋወቅም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ተቀምጫለሁ። አሁን የማስበው የከፈልኩት ለጭንቀት እንደሆነ ነው። ሰዎች ተመርመሩ ስትሉ ከዚያ በኋላ ምን ይሁኑ ብላችሁ ነው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ቅሬታህም እንደዚያው። ምርመራ ያለ ሕክምና ግማሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ለምርመራው የማይከፍለውም «ብገኝስ ምን አባቴ አደርጋለሁ?» ብሎ ነው። ስለ ፈቃደኝነት የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ፍርሃት መጠየቅ አለባቸው። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር የሚለውን ግን አልቀበልህም፤ ጊዜ የሰጠህ ያ ወረቀት ነው።

ዛሬ ከመሳቢያው አውጣው። ወደ መረመረህ ሐኪም ተመለስና አንድ ነገር በግልጽ ጠይቅ፦ የማኩላ እብጠት ነው ወይስ አዳዲስ የደም ሥሮች በቅለዋል? ወይስ ሁለቱም? ሕክምናውም ወጪውም በዚህ ይለያል። አዳዲስ ሥሮች ከሆኑ ብዙ ጊዜ ሌዘር ይሠራል፤ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚያልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ሌዘር ከባዱን የዓይን ብርሃን ማጣት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም፣ በደንብ የተፈተነ ነው። ሌዘር ያለህን ብርሃን ይጠብቃል፤ የጠፋውን ግን ብዙውን ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ለነገ አይባልም። የማኩላ እብጠት ከሆነ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይታዘዛል፤ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይደጋገማል፣ ወጪውም የሚከብደው እዚያ ላይ ነው። መርፌዎቹ ግን ዋጋቸው እኩል አይደለም። ቤቫሲዙማብ፣ በተለምዶ አቫስቲን የሚባለው፣ ለካንሰር የተሠራ መድኃኒት ቢሆንም በብዙ አገር የዓይን ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፤ ለዓይን ተብለው ከተሠሩት በጣም ይረክሳል። «እሱ ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ዋጋ መጠየቅ አያሳፍርም። ሐኪሙ ካልጠየቅከው አቅምህን አያውቅም።

የተነገረህ ዋጋ የግል ክሊኒክ ከሆነ ወደ መንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል ሪፈር አጽፍ። ወረፋው ይረዝም ይሆናል፣ ስለዚህ ሪፈሩ ላይ የሕመሙ ደረጃ እንዲጻፍ አድርግ፤ አስቸኳዩ የሚለየው በእሱ ነው። መሥሪያ ቤትህ የሕክምና ወጪ ድጋፍ ካለው ማመልከቻ አስገባ።

ጸበል የምትሄድ ከሆነ ሂድ፣ ክኒንህንና ቀጠሮህን ግን ይዘህ ሂድ። ስኳርህን ደግሞ ዛሬውኑ ያዝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት (ብዙ ጊዜ በወጣትነት የሚይዘው) ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የሬቲና ሕመም አዲስ የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለተጀመረውም ይረዳል። ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠርተህ ውጤቱን ለዓይን ሐኪሙ አሳየው። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ከቆየ ደግሞ በምን ፍጥነት ዝቅ ይበል የሚለውን ሁለቱ ሐኪሞችህ ይነጋገሩበት፤ በድንገት ሲወርድ ሬቲናው ለጊዜው ሊብስ ይችላልና።

ሪፈሩን እየጠበቅህ ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ዓይንህ ውስጥ ቢንሳፈፍ፣ ወይም እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ነገር ቢመጣ፣ ቀጠሮህን አትጠብቅ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ «ስኳር አለብኝ፣ ሬቲናዬም ተጎድቷል» ብለህ ወረቀቱን አሳይ።